ስለ ሌቮታይሮክሲን የምትጠይቁ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ አለሁ

ፋርማሲስት ነኝ። የታይሮይድ እጢያቸው በቂ ሆርሞን ለማያመነጭ ሰዎች ስለሚሰጠው ክኒን ጠይቁኝ። መጠን አልወስንም፤ እሱ የሐኪማችሁ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ከቁርስ ጋር ብውጠው ምን አለበት?

መልስ፦ ብዙ አለበት። ምግብ ካለ መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይገባም። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድመህ ውሰደው። ቡናም እንደ ቁርስ ይቆጠራል። ካልሲየምና የብረት ክኒን ደግሞ መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። ጠዋት የማይመቸው፣ ማታ ከእራት 3 ሰዓት ቆይቶ ይዋጠው። ስንቱ ሰው «አልሠራልኝም» እያለ መጠን ያስጨምራል መሰላችሁ! ጥፋቱ አብሮ የሚውጠው ካልሲየም ነው።

ጥያቄ፦ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ድካሙ አለቀቀኝም። ልጨምር እንዴ?

መልስ፦ በራስሽ እንዳትጨምሪ። ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ አዲስ መጠን እስኪረጋ ሳምንታት ይወስዳል። ቲኤስኤች (አንጎል ሥር ካለች እጢ የሚወጣ፣ ታይሮይድን «ሥራ» የሚል ሆርሞን፤ መጠኑ መስማማቱ በደም ምርመራ የሚታየው በእሱ ነው) የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ለውፍረት መቀነሻስ?

መልስ፦ አይሆንም። መጠኑ ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል፣ አጥንት ያሳሳል። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ደህና አይደለሁም፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ቲኤስኤችህ ስንት ነው? ስንት ማይክሮግራም ትወስዳለህ? እንዴት ነው የምትውጠው? ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

አባል፦ ከአሳማ እጢ የሚሠራው ይሻለዋል። ተፈጥሯዊ ነው።

ሌላ አባል፦ የእባብ መርዝም ተፈጥሯዊ ነው።

አባል፦ አንተ ሞክረኸው ታውቃለህ?

መልስ፦ ተረጋጉ። ኬሚስቶቹ ሃሪንግተንና ባርገር እ.ኤ.አ. በ1927 ታይሮክሲን የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን በላቦራቶሪ ሠሩ፤ ዛሬ ክኒኑ ውስጥ ያለው ሌቮታይሮክሲን እጢያችን ከሚያመነጨው ጋር አንድ ዓይነት ሞለኪውል ነው። የአሳማው ግን ከሰው እጢ ይልቅ የቲ3 (ከታይሮክሲን የሚበረታው ሌላው የታይሮይድ ሆርሞን) ድርሻው ከፍ ያለ ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያ ምርጫ የማይሆነው።

ጥያቄ፦ ቡናው ያለ ስኳር ቢሆንስ?

መልስ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ከላይ አንብቡ።

ጥያቄ፦ አርግዣለሁ። ላቁመው?

መልስ፦ በፍጹም! በእርግዝና የሆርሞን ፍላጎት ይጨምራል። ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ጥያቄ፦ ለፀጉሬ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን እወስዳለሁ። ይጋጫል?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ! ከክኒኑ ጋር ሳይሆን ከደም ምርመራው ጋር ነው ጣጣው። ውጤቱን አዛብቶ መድኃኒቱ የበዛብሽ ሊያስመስል ይችላል። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን ቀደም ብለሽ አቁሚው፤ ለላቦራቶሪውም ንገሪ።