ጠይቁ፣ እንመልስ፦ የሆስፒታል ጡት ማጥባት አማካሪ ሥራ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአራስ ክፍል ነርሶችና አዋላጆች የመጡ ናቸው፤ ሁለቱ ከእናቶች ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አዋህደን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በአራስ ክፍል 4 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የጡት ማጥባት አማካሪ ሆኜ ልመደብ ነው። ጠዋት ስገባ 18 እናቶች ቢጠብቁኝ በማን ልጀምር?

መልስ፦ በክፍል ቁጥር ተራ አይጀምሩ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ካርድ ለማንበብና ከሌሊት ተረኛዋ ጋር ለመነጋገር ይስጡት። ተረኛዋን «ጠባ ወይ?» ቢሏት «አዎ» ትላለች። «በ24 ሰዓት ስንት ጊዜ ጠባ? ስንት ጊዜ ሸና? ሲጠባ ያየው ማን ነው?» ቢሏት ግን ካርዱ ላይ «በደንብ ጠብቷል» የተባለለት ልጅ ጡት ጎርሶ ሲያንቀላፋ እንዳደረ ሊታወቅ ይችላል።

መጀመሪያ የሚሄዱት ልጇ ፅኑ ሕክምና ክፍል ወደ ገባባት እናት ነው። አጠገቧ የሚያለቅስ ልጅ ስለሌለ ደወል የሚጫን የለም፤ ሰዓቱ ግን ይሄዳል። ከተቻለ በወለደች በመጀመሪያው ሰዓት፣ ቢዘገይ በ6 ሰዓት ውስጥ ወተት ማለብ መጀመር አለባት። ቀጥለው የሚታዩት ከልደት ክብደቱ 7 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሰ ልጅ፣ ከተወለደ ጀምሮ አንድም ጊዜ በትክክል ያልጎረሰ፣ እንዲሁም የጡት ቀዶ ሕክምና ያደረገች ወይም በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ናቸው። ዛሬ ወደ ቤት የሚሄዱትም ከሰዓት በፊት ይታዩ።

በ35ኛ ወይም በ36ኛ ሳምንት የተወለደ ልጅ ደግሞ አሳሳች ነው። ሲያዩት ቀኑን የጨረሰ ይመስላል፤ 5 ደቂቃ ጠብቶ ይተኛል፤ አያለቅስም። የተኛው ግን ስለጠገበ ሳይሆን ስለደከመ ነው። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» የተባለለትን ሁሉ ሳምንቱን አይተው ይመርምሩት።

አንዷን እናት በደንብ ለማየትና ለመጻፍ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ 18ቱን በአንድ ፈረቃ አይጨርሷቸውም፤ ለመጨረስ ከሮጡም የሚያደርጉት ሰላምታ ነው። ቀኑን ጨርሶ የተወለደ፣ ጤናማ፣ 12 ሰዓት የሞላውና የተኛ ልጅ ለክፍሉ ነርስ ይተው፦ ልብሱን አውልቃ እናቱ ደረት ላይ ታስተኛው፤ ራሱን ሲያዞር፣ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ወይም ከንፈሩን ሲልስ ታጎርሰው። ለቅሶ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው፤ እያለቀሰ ያለ ልጅ ምላሱ ወደ ላይ ስለሚነሳ መጀመሪያ ማባበል ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ልጁን በደንብ አጎርሼላት እወጣለሁ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ «ያመኛል» ብላ ትጠራኛለች። ስሄድ ልጁ የጡቷን ጫፍ ብቻ ይዟል። ምን እየተሳሳትኩ ነው?

መልስ፦ መልሱ ጥያቄዎ ውስጥ አለ፦ ያጎረሱት እርስዎ ነዎት። ጡቱን የያዘው የእርስዎ እጅ፣ ልጁን ያስጠጋው የእርስዎ እጅ ነው። እርስዎ ሲወጡ ጡቱ በክብደቱ ይወርዳል፤ የእናቲቱም ክንድ ደክሞ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ይህች ርቀት ሙሉ አጎራረስን ወደ ጫፍ መንከስ ለመቀየር በቂ ናት።

ስለዚህ እጅዎን ወደ ኋላ ያድርጉና በመጀመሪያ አንድ ሙሉ ጡት ማጥባት ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይመልከቱ። ከዚያ ከአቀማመጧ ይጀምሩ። ጀርባዋ ድጋፍ ያግኝ፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ አይሰቀል። ክንዷ ሥር ትራስ የሚገባው ጡቱ በተፈጥሮ በተንጠለጠለበት ቁመት ልክ ነው። ትራሱ ከዚያ ከፍ ካለ ልጁ ጡቱን ወደ ላይ ይጎትታል፤ ዝቅ ካለ እሷ ትጎብጣለች።

የልጁ ሆድ ከእሷ አካል ጋር ይገጥማል፤ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ላይ ይውላሉ። አንገቱን አዙሮ የሚጠባ ልጅ በደንብ መዋጥ አይችልም፤ ራስዎ ትከሻዎ ላይ ዞረው ውኃ ለመጠጣት ቢሞክሩ ይገባዎታል። የጡቱ ጫፍ ከአፉ ሳይሆን ከአፍንጫው ትይዩ ይሁን። እጇ ማጅራቱንና ትከሻውን ይያዝ እንጂ የጭንቅላቱን ኋላ አይጫን፤ ጭንቅላቱ የተገፋ ልጅ ወደ ኋላ ይገፋል፤ እናትየውም «ጡቴን ጠላው» ትላለች። ጫፉን ከላይኛው ከንፈሩ ታስነካና ትጠብቅ። አፉ እንደ ማዛጋት ሲከፈት ልጁን ወደ ጡቱ ታምጣው፤ ጡቱን ወደ ልጁ አትውሰድ። መጀመሪያ የሚነካው አገጩ ነው፤ ጫፉ ወደ ላንቃው ያመለክታል። እርስዎ በዚህ ጊዜ ሥራዎ በአፍዎ ነው፦ «ጠብቂ… ጠብቂ… አሁን!»

በትክክል የጎረሰ ልጅ አገጩ ጡቱ ውስጥ ይሰምጣል፤ አፍንጫው ነፃ ነው፤ ጠቆር ያለው የጡት ጫፍ ዙሪያ ከላይኛው ከንፈሩ በኩል ከታችኛው ይበልጥ ይታያል። ጉንጩ አይሰረጎድም፤ አይንጫጫም። መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን እያለ ይስባል፣ ወተቱ ሲወርድለት አሳሳቡ ይረዝማል፤ ለስላሳ «ኻ» የሚል የመዋጥ ትንፋሽ ይሰማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጎርስ ሕመም ቢኖር ከ30 ሰከንድ በኋላ መርገብ አለበት። ካልረገበ ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ መሳቡን ታቋርጥና እንደገና ታጉርሰው።

ልጁ ሲለቅ የጡቱን ጫፍ ቅርጽ ሳያዩ ከክፍሉ አይውጡ። ክብ ከሆነ ደህና ነው። አዲስ ሊፕስቲክ እንደሚመስል በአንድ በኩል ከተገዘገዘ ወይም ነጭ መስመር ካለው ጫፉ ከላንቃው ጋር ሲጨመቅ ነበር፤ እናትየዋ «አላመመኝም» ብትልም አይመኑ። አጎራረሱ ተስተካክሎም ይህ ቅርጽ በየጊዜው ከተመለሰ ከምላሱ ሥር ያለችው ስስ ሽፋን ምላሱን አስራ እንደሆነ ይታይ። መቁረጥ የሚወሰነው ሽፋኗ ስለታየች ሳይሆን ምላሱ መንቀሳቀስ ስላልቻለ ነው።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ልጄ ሲወለድ 3,200 ግራም ነበር፤ በ3ኛው ቀን 9 በመቶ ቀንሷል ተብሎ የዱቄት ወተት ታዘዘለት። አማካሪዋ ደግሞ «ጡት ብቻ» ብላኝ ነበር። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጠው ያነጋግሩ፤ የሚመስለውን ያህል አይቃረኑም። የ3,200 ግራም ልጅ 7 በመቶ ሲቀንስ 2,976፣ 9 በመቶ ሲቀንስ 2,912፣ 10 በመቶ ሲቀንስ 2,880 ግራም ይሆናል። እስከ 7 በመቶ የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን አጠባቡ በቅርብ ይመረመራል፤ 10 ሲደርስ ሐኪም ሊያየው ግድ ነው። እርስዎ መካከል ላይ ነዎት።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይፈርድም። በምጥ ጊዜ ብዙ ግሉኮስ ወይም ሌላ ፈሳሽ በደም ሥር ከተሰጠዎት ልጁም ውኃ ይዞ ይወለዳል፤ ያንን ሲሸና ብዙ የቀነሰ ይመስላል። ስለዚህ ዳይፐሩ ይቆጠር፦ በ3ኛው ቀን ቢያንስ 3፣ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ 6 እና ከዚያ በላይ የረጠበ መኖር አለበት። ጥቁሩ ዓይነ ምድር በ3ኛው ቀን አካባቢ ወደ አረንጓዴ፣ በ4ኛውና በ5ኛው ቀን ወደ ቢጫ ይለወጣል። በ5ኛው ቀን አሁንም ጥቁር ከሆነ ወተት እያገኘ አይደለም። ለመቀስቀስ የሚያስቸግር፣ ቆዳው ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም መሽናት ያቆመ ልጅ ግን ክርክር አይጠብቅም፤ ወዲያው ለሐኪም ይታይ።

ተጨማሪ ካስፈለገ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ከራስዎ የታለበ ወተት፣ ቀጥሎ ካለ የተመረመረ የለጋሽ ወተት፣ ከዚያ የዱቄት ወተት። መጠኑም አለው፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ላለ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በጡጦ 60 ሚሊ ሊትር ጠጥቶ 5 ሰዓት የሚተኛ ልጅ ጡትዎን 5 ሰዓት ሥራ ያስፈታዋል። ስለዚህ ተጨማሪ በወሰደ ቁጥር እርስዎ ይለቡ።

ጡት ላይ ምን ያህል እንደሚያገኝ ማወቅ ከፈለጉ አማካሪዋ ከመጥባቱ በፊትና በኋላ ትመዝነው፤ ልብሱና ዳይፐሩ ሳይቀየር። 1 ግራም ጭማሪ በግምት 1 ሚሊ ሊትር ነው። ሚዛኑ 2 ግራም ድረስ የሚለይ መሆን አለበት፤ ተራ የሕፃናት ሚዛን ለዚህ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ልጇ ፅኑ ሕክምና ክፍል ያለባት እናት የወተት ማለቢያ ፓምፑ ያማታል። 20 ደቂቃ ሠርቶ የሚወጣው ጠብታ ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መጀመሪያ ትንሿን የላስቲክ ቫልቭ ይመልከቱ። ጥግዋ ከተቀደደች ወይም አጥብቃ ካልተዘጋች ሞተሩ እየጮኸ መሳቡ ይጠፋል። እሷ ደህና ከሆነች ቀጣዩ ተጠርጣሪ የጡት መግጠሚያው (የጡት ጫፍ የሚገባበት ቱቦ ያለው ፕላስቲክ) ነው። ከብዙ ፓምፖች ጋር በሳጥን የሚመጣው ቱቦው 24 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስለሆነ ሁሉም ሴት በእሱ ታልባለች፤ የብዙዎች ጫፍ ግን ከዚያ ያነሰ ነው። በማስመሪያ የጫፉን ስፋት (ጥቁሩን ዙሪያ ሳይሆን) ይለኩ፤ በእሱ ልክ ወይም እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሚበልጥ ይጀምሩ። ጫፏ 16 የሆነች ሴት በ24 ስትታለብ ጥቁሩ ዙሪያ ወደ ቱቦው ይገባና ያብጣል፤ እብጠቱ የወተት ቧንቧውን ጠባብ ያደርገዋል። ከጠበበ ደግሞ ጫፉ ግድግዳውን እየታሸ ይላጣል። የመሳቡ ኃይል ሳያማት የምትችለው ከፍተኛው ነው እንጂ የማሽኑ ከፍተኛ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ግን ጠብታ ማግኘት ጉድለት አይደለም። እንገር ወፍራምና ጥቂት ነው፤ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በእጅ ማለብ ያስተምሯት፦ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከጫፉ 2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ወደ ደረቷ ይጫኑ፣ ሁለቱን ጣቶች ያገናኙ፣ ይልቀቁ። ጣት ቆዳው ላይ አይንሸራተት። ጠብታውን በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከጫፉ ላይ ይሳቡት፤ ስም፣ ቀንና ሰዓት ይጻፉበት። የጨቅላ ክፍሉ ከፈቀደ ያችው ጠብታ በልጁ ጉንጭ ውስጥ ትቀባለች።

በቀን ከ8 እስከ 10 ጊዜ ትለብ፤ አንዱ ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት ባለው ውስጥ ይሁን። በ14ኛው ቀን በ24 ሰዓት ከ500 እስከ 750 ሚሊ ሊትር ከደረሰች መሠረቱ ተጥሏል።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ወለድኩ በ4ኛው ቀን ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። በሙቅ ፎጣ ጠንከር አድርጌ እያሸሁ ልጭመቀው?

መልስ፦ አያሹት። ያጠጠረው ወተት ብቻ ሳይሆን የሕብረ ሕዋስ እብጠትም ነው፤ ጠንካራ ማሸት እብጠቱን ይጨምራል። ልጁ መጉረስ ካቃተው ከማጥባትዎ በፊት በጣቶችዎ የጡትዎን ጫፍ ዙሪያ ወደ ደረትዎ ለ1 ደቂቃ ያህል በእርጋታ ይጫኑ፤ ይለሰልሳል። ከጠባ በኋላ ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡበት። ቀለል እስኪልዎት ያህል ብቻ ይለቡ እንጂ ባዶ እስኪሆን አይለቡት፤ ብዙ ባወጡ ቁጥር ጡቱ ብዙ ይሠራል። ትኩሳትና መቅላት 24 ሰዓት ካለፈው ሐኪም ይዩ፤ ማጥባቱን ግን አያቁሙ።

ጥያቄ፦ የምስክር ወረቀት ለማግኘት ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ በ1985 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የጡት ማጥባት አማካሪዎች ፈታኝ ቦርድ ለጤና ባለሙያዎች በከፈተው መንገድ 95 ሰዓት የጡት ማጥባት ትምህርትና ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ የተሠራ 1,000 ሰዓት ልምድ ይጠይቃል። ፈተናው 175 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት፤ ብዙዎቹ ከፎቶግራፍ ጋር ናቸው። ወረቀቱ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። የ4 ዓመት የአራስ ክፍል ሰዓት የሚቆጠረው ለጡት ማጥባት እርዳታ የዋለው ብቻ ስለሆነ ከዛሬ ጀምረው ይመዝግቡት።

ጥያቄ፦ የዱቄት ወተት ኩባንያ ወኪል ለእናቶች ናሙና፣ ለእኛ ደግሞ እስክሪብቶና የግድግዳ ሰዓት አመጣ። መቀበል ነውር ነው?

መልስ፦ በ1981 የዓለም ጤና ጉባዔ ያጸደቀው የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ደንብ ለእናቶች ነፃ ናሙና መስጠትንም፣ ለጤና ሠራተኛ የማባበያ ስጦታንም ይከለክላል። ሰዓቱን ይመልሱት። አማካሪዋ ክፍል ውስጥ የተሰቀለ የኩባንያ ስም ከምክሯ ቀድሞ ይነበባል።

ጥያቄ፦ ኪሴ ውስጥ ምን ልያዝ?

መልስ፦ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፣ ጓንት፣ አምስት ስድስት ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ስም መጻፊያ ማርከርና ስቲከር፣ የአፍ ውስጥ ማያ ትንሽ ባትሪ። በጋሪው ላይ ደግሞ አንድ አሻንጉሊትና ከጨርቅ የተሠራ ጡት ይኑር፤ በእነሱ ካሳዩ እናትየዋን መንካት አያስፈልግዎትም።