የአንባብያን ጥያቄ፦ የአልጎሪዝም ሒሳብ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርቴን ጨርሼ በሶፍትዌር ሥራ ላይ እገኛለሁ። ፕሮግራም መጻፍ አያስቸግረኝም፤ ነገር ግን አንድ አልጎሪዝም (አንድን ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚያስፈጽም የመመሪያ ቅደም ተከተል) ለምን ትክክል እንደ ሆነ ወይም ለምን ከሌላው እንደሚፈጥን ስጠየቅ በሒሳብ ማስረዳት ያቅተኛል። የሥራ ባልደረቦቼ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁን የዶናልድ ክኑትን «ዚ አርት ኦቭ ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ» እንዳነብ ይመክሩኛል፤ የመጀመሪያው ቅጽ ግን በ1968 የታተመ ነው። ይህን ያህል የቆየ የኮምፒውተር መጽሐፍ ዛሬ ምን ይጠቅማል? የምርምር ጽሑፎችን ለማንበብስ ምን ያህል ሒሳብ ያስፈልገኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ መጽሐፉ አላረጀም። ያረጀው ክኑት ምሳሌዎቹን ለመጻፍ የፈጠረው ሚክስ የተባለው ምናባዊ ኮምፒውተር ነው፤ እነዚያን ገጾች ለጊዜው ቢያልፏቸው የሚጎድልብዎት ነገር የለም። (በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቀረው ሒሳብ ነው፤ አንድ ጊዜ በትክክል የተረጋገጠ የሒሳብ ሐሳብ ደግሞ አዲስ ማሽን ስለ መጣ አይሻርም።

ለዚህ ራሱ ክኑት በመጀመሪያው ምዕራፍ መግቢያ ላይ ያስቀመጠውን፣ ዕድሜው ከ2,000 ዓመት በላይ የሆነውን የዩክሊድን አልጎሪዝም እንመልከት። አልጎሪዝሙ በትምህርት ቤት «ትልቁ የጋራ አካፋይ» ብለን የተማርነውን ቁጥር ያገኛል። 1998ን እና 756ን እንውሰድ። 1998 ለ756 ሲካፈል ቀሪው 486 ነው፤ 756 ለ486 ሲካፈል ቀሪው 270፤ 486 ለ270 ሲካፈል 216፤ 270 ለ216 ሲካፈል 54፤ 216 ለ54 ሲካፈል ግን ቀሪ ስለማይኖር መልሱ 54 ነው። ይህን በፕሮግራም መጻፍ ለእርስዎ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ እርስዎ የጎደለኝ የሚሉት ሒሳብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ በሚነሡት ጥያቄዎች ነው። አልጎሪዝሙ ሁልጊዜ ይቆማል ወይ? ቀሪው ምንጊዜም ከአካፋዩ ያንሳል፣ ከዜሮ በታችም አይወርድም፤ እንዲህ እየቀነሰ የሚሄድ ሙሉ ቁጥር መጨረሻ ስላለው ይቆማል። መልሱስ ሁልጊዜ ትክክል ነው ወይ? 486 ከ1998 ላይ የ756 እጥፍ ሲቀነስ የተገኘ ስለ ሆነ፣ 1998ን እና 756ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር ሁሉ 486ንም ያካፍላል፤ በተመሳሳይ መንገድ 756ን እና 486ን የሚያካፍል ሁሉ 1998ን ያካፍላል። ስለዚህ በየእርምጃው ቁጥሮቹ ቢለዋወጡም የጋራ አካፋዮቻቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እነዚያው ናቸው።

ሦስተኛው ጥያቄ ስንት እርምጃ ይፈጃል የሚለው ነው፤ እኔ በግሌ ከሁሉ የምወደውም ይህን ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጋብርኤል ላሜ በ1844፣ ማለትም ዛሬ የምናውቀው ኮምፒውተር ከመሠራቱ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በፊት፣ የማካፈሉ ብዛት ከትንሹ ቁጥር አሃዞች ብዛት አምስት እጥፍ ፈጽሞ እንደማይበልጥ አረጋገጠ። 756 ባለ ሦስት አሃዝ በመሆኑ ከ15 ማካፈል በላይ ሊያስኬደን አይችልም ነበር፤ የተጠቀምነው አምስት ብቻ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች መቶ መቶ አሃዝ ቢኖራቸው እንኳ 500 ማካፈል ይበቃል። አንድ ሰው ፕሮግራሙን ሳያስኬድ ስለ ቁጥሮች ሁሉ እንዲህ ብሎ በእርግጠኝነት መናገር የሚችለው በሒሳብ ብቻ ነው።

ወደ መጻሕፍቱ ስንመጣ፣ ከባልደረቦችዎ ምክር በአንድ ነገር እለያለሁ፤ በክኑት አይጀምሩ። ሳንጆይ ዳስጉፕታ፣ ክሪስቶስ ፓፓዲሚትሪዩ እና ኡሜሽ ቫዚራኒ በ2006 ያሳተሙት «አልጎሪዝምስ» አጠር ያለ፣ ማረጋገጫውንና ሐሳቡን አንድ ላይ የሚያስኬድ መጽሐፍ በመሆኑ ለእርስዎ ይስማማል። በ1990 የወጣውና አራተኛው እትሙ በ2022 የታተመው የኮርመንና የባልደረቦቹ «ኢንትሮዳክሽን ቱ አልጎሪዝምስ» ግን ከ1,000 ገጽ በላይ ስለ ሆነ፣ በሥራ መካከል ጥያቄ ሲነሣ የሚገለጥ መጽሐፍ አድርገው ቢይዙት ይሻላል። ሒሳቡን ለብቻው ለማጠናከር ደግሞ ክኑት ከሮናልድ ግራሃምና ከኦረን ፓታሽኒክ ጋር በ1989 ያሳተሙትን «ኮንክሪት ማቴማቲክስ» አጥብቄ እመክራለሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ክኑት ሲመለሱ መልመጃዎቹን አይዝለሉ፤ የመጽሐፉ ግማሽ ሀብት ያለው እዚያ ነው። እያንዳንዱ መልመጃ ከ0 እስከ 50 የክብደት ቁጥር ተሰጥቶታል፤ 50 ማለት ገና መፍትሔ ያልተገኘለት የምርምር ጥያቄ ነው። የፌርማ የመጨረሻ ቴዎረም (n ከ2 የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር ሲሆን xⁿ + yⁿ = zⁿን የሚያሟሉ ዜሮ ያልሆኑ ሙሉ ቁጥሮች የሉም የሚለው) በመጀመሪያው እትም 50 ተሰጥቶት ነበር፤ አንድሩ ዋይልስ ማረጋገጫውን በ1995 ካሳተመ በኋላ በቀጣዩ እትም ወደ 45 ወርዷል። ተማሪውና ተመራማሪው በአንድ ገጽ ላይ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ብዙ አላውቅም።

የምርምር ጽሑፎችን በሚመለከት፣ ለመጀመር ኢንዳክሽን (አንድ ሐሳብ ለመጀመሪያው ቁጥር እውነት መሆኑንና ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ እንደሚተላለፍ በማሳየት ለሁሉም ማረጋገጥ)፣ የአቆጣጠር ስልቶች (ነገሮች በስንት መንገድ ሊመረጡ ወይም ሊደረደሩ እንደሚችሉ መቁጠር)፣ ሎጋሪዝምና መሠረታዊ ፕሮባብሊቲ ይበቁዎታል። አንድ የምርምር መስመር መርጦ መከተልም ይረዳል፤ ለምሳሌ ማባዛትን ይውሰዱ። በ1960 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ በትምህርት ቤት ከምንማረው የማባዛት ዘዴ በመሠረቱ የሚፈጥን ሊኖር አይችልም የሚል ግምቱን በሴሚናር ላይ አቀረበ፤ የ23 ዓመቱ ተማሪ አናቶሊ ካራትሱባ አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ግምቱን አፈረሰው። ዘዴውን በ47 እና በ36 ይሞክሩት። 4 በ3 12 ነው፤ 7 በ6 42 ነው፤ የአሃዞቹ ድምር 11 በ9 ሲባዛ 99 ይሆናል። ከ99 ላይ 12ን እና 42ን ሲቀንሱ 45 ይቀራል፤ 12 መቶዎችን፣ 45 ደግሞ አሥሮችን ስለሚቆጥር 1200፣ 450 እና 42 ሲደመሩ 1692 ያገኛሉ። አራት ጊዜ በማባዛት ይሠራ የነበረው በሦስት ተሠራ። ቁጥሮቹ ረጃጅም ሲሆኑ ይኸው ስልት በየደረጃው ስለሚደጋገም፣ የአሃዞቹ ብዛት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ሥራው በአራት እጥፍ ማደጉ ቀርቶ በሦስት እጥፍ ብቻ ያድጋል።

ይህ መስመር በ2019 ዴቪድ ሃርቪና ዮሪስ ፋን ደር ሁቨን ይፋ ባደረጉት ሥራ ላይ ይደርሳል። የ n አሃዝ ቁጥሮችን ማባዛት n በ n ሎጋሪዝም ተባዝቶ ከሚገኘው ጋር በሚመጣጠን የእርምጃ ብዛት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ሾንሃገና ሽትራሰን በ1971 የገመቱትም ይህንኑ ነበር። ማረጋገጫው ፉሪዬ ትራንስፎርምን (አንድን ምልክት ወደ ተለያዩ ሞገዶች የሚበትን የሒሳብ ስልት) በሚገባ ማወቅ ስለሚጠይቅ ለኋላ ያቆዩት፤ መግቢያውን ግን አሁኑኑ እርሳስና ወረቀት ይዘው ሊያነቡት ይችላሉ።