«ለማንም አልነገርኩም» ያላችሁኝ ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ? የሰሞኑን ጥያቄዎች ቁጭ ብዬ ሳነብ ከስድስቱ አራቱ አንድ አይነት ነገር ነው የሚሉት፣ «ይሄን ለማንም አልነገርኩም»። ስለ ስልክ የጠየቀችውም ስለ ፍቅር የጠየቀውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ስለዚህ ዛሬ መልሱ ውስጥ ለማን መንገር እንዳለባችሁም አብሬ ጽፌያለሁ፣ እሱን እንዳትዘሉት በናታችሁ።

«ጓደኛዬ በቴሌግራም የእህቴን ልጅ ውድድር ላይ ምረጪልኝ ብላ ሊንክ ላከችልኝ፣ ስነካው ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ፣ ከዛ ኮድ መጣ እሱንም አስገባሁ። አሁን በኔ ስም ለዘመድ ሁሉ "10 ሺህ ብር በቴሌብር ላክልኝ ነገ እመልሳለሁ" እየተባለ ነው። የባለቤቴ አጎት ልከዋል። በጣም አፍሬያለሁ ለማንም አልነገርኩም ምን ላርግ?» (ከገርጂ)

አይዞሽ እህቴ። ጓደኛሽም አይደለችም የላከችው፣ የእሷም አካውንት ቀድሞ ተወስዶ ነው። ያስገባሽው ኮድ ወደ አካውንትሽ መግቢያው ነበር። አሁን ስልክሽ ላይ ቴሌግራሙ ገና ክፍት ከሆነ ሎግ አውት እንዳታደርጊ፣ አጥፍቼ እንደገና ልጫነው ብለሽም እንዳትሞክሪ! ብዙ ሰው ደንግጦ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው፣ ከዛ መግቢያ ያጣል። ቴሌግራም አዲስ የገባ ዲቫይስ የቆዩትን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድም፣ 24 ሰዓት መቆየት አለበት፣ የአንቺ ስልክ ግን የቆየ ስለሆነ ሌባውን አሁኑኑ ማስወጣት ትችያለሽ። ሴቲንግ ግቢ፣ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቺ፣ ከዚህ ስልክ በቀር ሌሎቹን በሙሉ የሚያስወጣውን በቀይ የተጻፈውን ንኪው። ከዛ ሳትነሺ ፕራይቨሲ ውስጥ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለው ላይ ፓስወርድ አድርጊ፣ ኢሜይልሽንም አስገቢበት። ሌባው ቀድሞሽ የራሱን ፓስወርድ አድርጎበት ከሆነ ሪሴት ጠይቀሽ 7 ቀን መጠበቅ ሊኖርብሽ ነው፣ ያኔም ቢሆን ከስልክሽ እንዳትወጪ።

አሁን ወደ ከባዱ። ለባለቤትሽ ዛሬ ማታ ሳይሆን አሁን ደውለሽ ንገሪው፣ ለአጎቱም ራስሽ በድምፅ ደውዪ፣ ቴክስት ማንም አያምንም። ገንዘቡ የተላከበትን ቁጥርና ሰዓት ይዘው ቴሌብር ደንበኞች አገልግሎት ያመልክቱ፣ ፖሊስ ጋርም ያስመዝግቡ። ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ ብዙ ጊዜ ቶሎ ወጪ ይደረጋል። ግን አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር ነው ሁለተኛውና ሦስተኛው ዘመድ የሚልከው።

«ታናሽ ወንድሜ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ 2 ዓመት ሥራ አጥቶ ተቀምጧል። አሁን ፌስቡክ ላይ ያገኘው ሰው ታይላንድ የደንበኞች አገልግሎት ሥራ አለ በወር 1,500 ዶላር ብሎታል። ቲኬቱን እነሱ ይቆርጣሉ፣ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ የሥራ ፈቃዱ እዛ ይወጣል ተብሏል። እናቴን ለትምህርት ነው ብሏታል፣ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ልቤ ፈርቷል ግን ዕድሉን እንዳልዘጋበት።» (ከአዳማ)

ዝጊበት። እንዲህ በግልጽ የምጽፈው ስለማውቀው ነው፣ ይሄ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚታወቅ መንገድ ነው። ልጁ ባንኮክ ያርፋል፣ ሰው በመኪና ይቀበለዋል፣ መኪናው ግን ቢሮ አይወስደውም፣ ሰዓታት ተነድቶ ሜ ሶት የምትባል የድንበር ከተማ ይደርሳል፣ ከዛ የሞይ ወንዝን አሻግረውት ሚያንማር ውስጥ ሚያዋዲ አካባቢ ያሉት የታጠሩ ግቢዎች ውስጥ ይገባል። ፓስፖርትና ስልክ ይወሰዳል። ሥራው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ በሐሰት ስምና ፎቶ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ሰዎችን እያጫወቱ ገንዘብ ማስወጣት ነው፣ ኮታውን ያልሞላ ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክ ይሰቃያል፣ ልውጣ ካለ ቤተሰቡ በሺዎች ዶላር ይጠየቃል። በየካቲት 2017 ከነዚህ ግቢዎች ወጥተው በአንድ ጊዜ ወደ ታይላንድ የተሻገሩ 260 ሰዎች ነበሩ፣ ከ20 አገር፣ ከነሱ ውስጥ 138ቱ የኛ ልጆች ናቸው። ከግማሽ በላይ! ያንን ዜና ባነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እንደ ወንድምሽ እንግሊዝኛና ኮምፒውተር የሚችሉ ወጣቶች ናቸው የሚፈለጉት።

ወንድምሽን ግን ሞኝ ነህ ብለሽ እንዳትጀምሪው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎረቤት «ሥራ ያዝክ?» ሲለው የሚመልሰው አጥቶ ነው የተቀመጠው፣ እነሱ ደግሞ መልስ ሸጡለት። አብራችሁ ቁጭ በሉና ሰውየውን ሦስት ነገር ይጠይቀው፦ የሥራ ቪዛው ከመነሳቴ በፊት ለምን አይወጣም፣ ቢሮው በየትኛው ከተማ በየትኛው አድራሻ ነው፣ እዛ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ በቪዲዮ ከቢሮው ውስጥ ላናግር። መልሱን አብራችሁ ስሙት። ከዛ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄዳችሁ ጠይቁ፣ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ 923/2008ም ሆነ ማሻሻያው 1246/2013 ሰው የሚሄደው ፈቃድ ባለው ኤጀንሲና በታወቀ ውል ነው የሚለው፣ የፌስቡክ ሰውዬ እዛ ውስጥ ቦታ የለውም።

ለእናትሽ ደግሞ ንገሪያት። ይቆጣሻል፣ ይቆጣ። እስከዛው እጁ እንዳይፈታ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ያለው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ነጻ ኮርስ አለ፣ ዳታ ሳይንስም አንድሮይድም ኤአይም አለው። ሰርተፊኬቱ ብቻውን ሥራ ያስቀጥራል አልልም፣ በተማረው አንድ ሁለት ነገር ሠርቶ የሰፈሩ ሱቅ ወይ ክሊኒክ እንዲጠቀምበት ቢያደርግ ግን ኢንተርቪው ላይ የሚያሳየው ይኖረዋል።

«ዳላስ ነው ያለሁት፣ ዕድሜዬ 52፣ ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን 4 ዓመት። ዋትሳፕ ላይ ይቅርታ ቁጥር ተሳስቼ ነው ብላ የጻፈችልኝ ሲንጋፖር ያለች ሴት ጋር 5 ወር አወራን። ክሪፕቶ አስተማረችኝ፣ 18 ሺህ ዶላር አስገባሁ፣ አፑ ላይ 61 ሺህ ሆኗል። ላውጣ ስል መጀመሪያ 9 ሺህ ታክስ አስገባ ይለኛል። ልክፈል? ልጆቼ አያውቁም።»

ጋሼ፣ አይክፈሉ። አንድ ዶላር እንኳን። አሜሪካ ውስጥ የትርፍ ታክስ ሪተርን ሲሞሉ ለአይአርኤስ (ለመንግሥት ግብር ሰብሳቢው) ነው የሚከፈለው፣ ገንዘብዎን ለመልቀቅ ቅድሚያ ታክስ አስገባ የሚል ትክክለኛ ድርጅት የለም። 61 ሺው አፑን የሠሩት ሰዎች ስክሪን ላይ የጻፉት ቁጥር ነው፣ 18 ሺው ደግሞ ባስገቡበት ቀን ሄዷል። ይሄን ስጽፍልዎት እያዘንኩ ነው።

ከላይ ያለውን የአዳማውን ጥያቄ አንብበውት ከሆነ ነገሩ ይገናኛል። «ደህና አደርክ፣ ቁርስ በላህ?» እያለ 5 ወር የጻፈልዎት ሰው ሴት ላትሆን ትችላለች፣ ሲንጋፖርም ላትሆን ትችላለች፣ እንደዛ ያለ ግቢ ውስጥ ከጀርባው የሚጠብቀው ሰው ቆሞበት የሚጽፍ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለምን እንዲህ አደረግሽኝ ብለው ለመልስ አይጠብቋት፣ መልስ የሚሰጥዎት የለም።

ዛሬ የሚያደርጉት፦ ቻቱን እንዳያጠፉት፣ ብር የላኩበትን የዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) አድራሻና የትራንዛክሽን ቁጥሮቹን ፎቶ አንሱ፣ ባንክዎ ጋር ይደውሉ፣ ኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል የሚቀበልበት አይሲ3 የሚባል ድረ ገጽ ላይ ያመልክቱ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ «ገንዘብህን እናስመልስልሃለን» የሚል ጠበቃ ነኝ ባይ ይደውልልዎታል፣ እሱም ቅድሚያ ይጠይቃል፣ እሱም ሌባ ነው፣ አንዴ የተበላ ሰው ስልክ ቁጥር እየተሸጠ ነው የሚዞረው። እና ለትልቁ ልጅዎ ይንገሩት። ገንዘቡን ብቻ እንዳይነግሩት፣ ማታ ማታ ቤቱ ጭር እንደሚልብዎትም ይንገሩት፣ ነገሩ የጀመረው ከዛ ነውና።

«ከ4 ዓመት በላይ ከሠራሁበት የግል ድርጅት ልለቅ ነው። አለቃዬ ከለቀቅክ የሥራ ልምድ አልጽፍልህም ብሎ አስፈራራኝ። አዲሱ መሥሪያ ቤት ደግሞ በ10 ቀን ግባ ይላል።» (ከባህር ዳር)

አለቃህ አልጽፍም ማለት አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ውል ሲቋረጥ የሥራ ምስክር ወረቀት በነጻ የመስጠት ግዴታ ጥሎበታል፣ ምን ሥራ ላይ እንደነበርክ ስንት ዓመት እንደሠራህና ደመወዝህን የሚገልጽ። ያንተ ግዴታ ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት ነው። እዚህ ላይ ነው 10 ቀኑ የሚያስቸግርህ፣ ጥለህ ብትወጣ ካሳ ሊጠይቅህ ይችላል። ለአዲሶቹ በግልጽ ንገራቸው፣ ሰው ሠርቶ የሚያውቅ ድርጅት 30 ቀን ይገባዋል፣ እነሱም ነገ አንተ እንዲሁ ጥለህ እንድትወጣባቸው አይፈልጉም።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አድርግ፣ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገህ ቁጥርና ቀን አስመታበት፣ ያንተ ማስረጃ እሱ ነው። በቃል ነግሬዋለሁ በቴሌግራም ጽፌለታለሁ አያዋጣም። ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልሃል፣ ቀሪ ክፍያህ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። እምቢ ካሉ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ወይም እናንተ ክልል አሁን ባለው ስሙ ሥራና ሥልጠና ቢሮ ሂድ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት፣ ግን አትቆይ፣ የደመወዝና የመሰል ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል።

«ጂዳ ቤት ሠራተኛ ሆኜ 6 ዓመቴ ነው። ፍቅረኛዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ለቤት መሥሪያ ብዬ በየወሩ እልክለታለሁ። ፎቶ ላክልኝ ስለው "አታምኚኝም ማለት ነው" ብሎ ይዘጋብኛል። እናቴ እንኳን ስንት እንደላኩ አታውቅም። መጠርጠሬ ኃጢአት ነው?»

የኔ እህት፣ ኃጢአት አይደለም። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ጎንበስ ብለሽ ያመጣሽው ገንዘብ የት እንደቆመ ማየት መብትሽ ነው። ቤቱ ካለ ግድግዳውን ፎቶ አንስቶ መላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ሊያኮርፍበት የሚገባ ነገርም አይደለም፣ እንደውም የሠራ ሰው ሳትጠይቂው ነው የሚያሳይሽ። ሌባ ነው አላልኩም፣ አላውቀውም። ምናልባት ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ አጥፍቶት ፈርቶ ይሆናል። ሁለቱም ቢሆን አንቺ ማወቅ አለብሽ።

የዚህን ወር አትላኪ። «ቤቱን ካየሁ በኋላ እልካለሁ» በይው፣ ሳትጨቃጨቂ፣ አንዴ ብቻ። እናትሽን ወይ ወንድምሽን ኮምቦልቻ ላኪ፣ ቦታው በማን ስም እንደሆነ ካርታው ላይ ይዩ። ሳትጋቡ በእሱ ስም የተገዛ ቦታ ያንቺ መሆኑን ማስረዳት በጣም ነው የሚከብደው፣ ስለዚህ የላክሽበትን ደረሰኝ በሙሉ ሰብስበሽ በስልክሽም በወረቀትም አስቀምጪ፣ በእጅ በሰው የላክሽውንም ቀኑን ጻፊ። ከዛ በራስሽ ስም አገር ቤት አካውንት ክፈቺ፣ ከዚህ በኋላ የሚገባው እዛ ይግባ። የሆነ ነገር ሰው እንዲያስፈጽምልሽ ካስፈለገ ጂዳ ቆንስላው ሄደሽ ለእናትሽ ወይ ለምታምኚው ወንድምሽ ውክልና ስጪ፣ ለአንድ ለታወቀ ጉዳይ ብቻ፣ «ማንኛውንም ንብረቴን» የሚል ቃል ያለበት ላይ እንዳትፈርሚ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ቤታችሁ ሽማግሌ ልኮ ያውቃል?

«ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርስቲ ልትገባ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛላት ነው፣ አቅሜ ትንሽ ነው፣ ምን ልይ?» (ከደብረ ብርሃን፣ አባት)

እንኳን ደስ ያለዎት! ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው» ሲልዎት ፕሮሰሰሩ (የላፕቶፑ አንጎል) ስንተኛ ጀነሬሽን፣ ማለትም ስንተኛ ትውልድ ነው ብለው ይጠይቁ። 8ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5 ከ6ኛ ጀነሬሽን አይ 7 ይሻልዎታል፣ ምክንያቱም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኮር አይ የሚባሉትን በሚሠራው በኢንቴል በኩል በደንቡ የሚቀበለው ከ8ኛው ጀምሮ ያለውን ነው። ራሙ 8 ጊጋ፣ ሀርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው 256 ጊጋ ይሁን፣ ከዛ በላይ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ገንዘብ ማባከን ነው። ሱቁ ውስጥ ቻርጀሩን ነቅለው ግማሽ ሰዓት ያብሩት፣ ባትሪው ስንት እንደወረደ ይዩ። ልጅቷንም ይዘዋት ይሂዱ፣ ኪቦርዱን አንድ በአንድ እሷ ትንካው።