ያረጀ የእንጨት ግድግዳ፦ ይሸፈን ወይስ ይጠገን?

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ታሪካዊ ተብሎ በተመዘገበ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1912 የተሠራ የእንጨት ቤት አለን። የውጭው ጣውላ ቀለሙ ተልጧል፤ የታችኞቹ ረድፎች በስብሰዋል። ኮንትራክተሩ «ሁሉንም በቫይኒል ሳይዲንግ (በፕላስቲክ የግድግዳ ልባስ) እንሸፍነው» ይላል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ አይሸፍኑት። ቫይኒል ውሃ የሚገባበትን ቦታ ይደብቃል፤ ከሥሩ ያለው ጣውላ ሲበሰብስ ወይም ምስጥ ሲበላው ቶሎ አይታወቅም። የመስኮቱ ዙሪያ ጌጥም ተውጦ ይቀራል። እንዲህ ባለ ሰፈር ደግሞ ፈቃድ ሳይያዝ ሥራ አይጀመርም።

ጣውላውን አንድ በአንድ በካቻቪቴ ይውጉት። በቀላሉ ከሰመጠ በስብሷል፤ ካልሰመጠ የሚያስፈልገው ቀለም ብቻ ነው። ታች ታቹ ብቻ ከተበላሸ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚያፈስ አሸንዳ ወይም ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ነው። መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ፤ ከመሬት 6 ኢንች ያህል ክፍተት ይተዉ።

ለምትኩ ቀይ ሴዳር የተባለው እንጨት ጥሩ ነው። ውፍረቱና ለዓይን የሚታየው ስፋቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፤ ሩብ ኢንች ልዩነት እንኳ ከመንገድ ያስታውቃል። ከመሰቀሉ በፊት ፊቱን፣ ጀርባውን፣ በተለይ የተቆረጠውን ጫፍ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ይቀቡት፤ እንጨት ውሃ አብዝቶ የሚጠጣው በጫፉ ነው። ጣውላዎቹ ስለሚደራረቡ የማይዝግ ምስማር ከታችኛው ጣውላ የላይ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታ። ሁለቱን ጣውላዎች አብሮ ከወጋ እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ይሰነጠቃል።

ፋይበር ሲሚንት (ከሲሚንቶና ከጭረት የተሠራ ጣውላ መሰል ሰሌዳ) ከተፈቀደ ልሙጡን ይምረጡ፤ የእንጨት መስመር የታተመበት እንጨት አለመሆኑን ከሩቅ ያጋልጣል።

የድሮው ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ።