መልስ፦ አፈሩ እርጥብ ሆኖ የቲማቲም ችግኝ ጠዋት ጠዋት ለምን ይጠወልጋል?

ማዳበሪያ ያነሳቸው መስሎህ ልትጨምር ያሰብከውን ዩሪያ አሁን እንዳትጨምር። ችግኞችህ የጠወለጉት ማዳበሪያ አንሷቸው ሳይሆን ሥሮቻቸው በርዷቸው ነው።

ቲማቲም ብርድ አይችልም። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ሥሩ ውኃ የመሳብ አቅሙ ይዳከማል። ቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ደግሞ ቶሎ አይዘጉም። ፀሐይ ስትወጣ ውኃው ከላይ ይተናል፣ ከታች ግን የሚተካው የለም። አፈሩ እርጥብ ቢሆንም ያው ነው።

በዚህ ላይ ዩሪያ ከጨመርክ ነገሩ የባሰ ይሆናል። ዩሪያ አፈር ውስጥ መጀመሪያ አሞኒየም፣ ከዚያ ናይትሬት ይሆናል (ሁለቱም የናይትሮጅን ዓይነቶች ናቸው)፤ በቀዝቃዛ አፈር ግን ወደ ናይትሬት የሚለወጠው በጣም በዝግታ ነው። አሞኒየም ይጠራቀምና ሥሩን ይጎዳል።

ለጊዜው ከጠዋት ፀሐይ ከልላቸው፣ ማታ ሸፍናቸው፣ አፈሩ እስኪሞቅ ውኃም አትጨምር። አዲስ ቅጠል ሲያወጡ ማዳበሪያውን በትንሽ በትንሹ ትጀምራለህ። ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ ከመትከልህ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ውጭ እያወጣህ አለማምዳቸው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ከብርዳም ሌሊት ማግስት ፀረ አረም አትርጭ። እኔ አንዴ ቸኩዬ ለበቆሎ የተፈቀደውን ረጭቼ በቆሎው ራሱ ተለበለበብኝ። የበረደው ተክል ኬሚካሉን ሰባብሮ ማርከስ ያቅተዋል። ሁለት ሦስት ሞቃት ቀን ጠብቅ።