የአገሮችን ሥርዓት ማወዳደር እንጀራ ይሆናል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹልኝ ባለፈው ዓመት ከስድስት ኪሎ በፖለቲካ ሳይንስ ተመርቀዋል፤ የመመረቂያ ጽሑፍዎም የአምስት አገሮችን የመንግሥት አወቃቀርና የትምህርት ሥርዓት የሚያወዳድር ነበር። በዚሁ ዘርፍ ማስተርስዎን ለመቀጠል ይፈልጋሉ፤ እናትዎ ግን «የሰው አገር ትምህርት ቤት ማወዳደር ምን እንጀራ ይሆናል?» እያሉ ይሞግቱዎታል። በዚህ መሐል በአንድ ክፍለ ከተማ የትምህርት ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ባለሙያ ቦታ ክፍት ሆኖ፣ ደመወዙ ስላነሰብዎት ለማመልከት እያመነቱ ነው። ከደብዳቤው ጋር አያይዘው የላኩልኝን ሠንጠረዥም በጥሞና ተመልክቼዋለሁ።

ከሠንጠረዡ ልጀምር፤ የምመክርዎት ሁሉ የሚመነጨው ከእሱ ነውና። በአንደኛው ዓምድ «ፌዴራላዊ» ወይም «አሃዳዊ»፣ በሁለተኛው «የተማከለ» ወይም «ያልተማከለ» ብለው ጀርመንን፣ አሜሪካን፣ ፈረንሳይን፣ ጃፓንንና ፊንላንድን መድበዋል፤ ከዚያም ፌዴራላዊ አገር ትምህርቱን ለክልል ይለቃል፣ አሃዳዊ አገር ግን በማዕከል ይይዘዋል ብለው ደምድመዋል። ጀርመንና ፈረንሳይ በዚህ ያግዙዎታል። በጀርመን ትምህርት የ16ቱ ክልሎች ሥልጣን በመሆኑ መምህሩን የሚቀጥረው ክልሉ ነው፤ የክልሎቹ የትምህርት ሚኒስትሮች የሚመክሩበት ጉባኤ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመ ስለሆነ በ1949 የጸደቀውን ሕገ መንግሥት በአንድ ዓመት ይቀድመዋል። በፈረንሳይ በአንጻሩ ሥርዓተ ትምህርቱን የሚያወጣውም ለመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ደመወዝ የሚከፍለውም ማዕከላዊው መንግሥት ነው፤ ባካሎሬያ የሚባለው የማጠናቀቂያ ፈተናም በናፖሊዮን ዘመን፣ በ1808፣ የተጀመረ ነው።

ፊንላንድ ላይ ሲደርሱ ግን ሠንጠረዡ ይፈርሳል። (ፊንላንድ የሌለችበት የማስተርስ ማመልከቻ እስካሁን እጄ ገብቶ አያውቅም።) አገሪቱ አሃዳዊት ናት፤ ሆኖም ትምህርት ቤቶቹን በአብዛኛው የሚያስተዳድሩትና መምህራኑን የሚቀጥሩት ማዘጋጃ ቤቶች ሲሆኑ፣ ማዕከሉ የሥርዓተ ትምህርቱን ማዕቀፍ አውጥቶ ዝርዝሩን ለእነሱ ይተዋል። እርስዎ «አሃዳዊ» ከሚለው ቃል ተነሥተው «የተማከለ» ብለው አልፈዋታል። የራሳችን አገርም ቢሆን በሠንጠረዡ አትገባም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፌዴራላዊ ሥርዓት ቢያቆምም፣ በአንቀጽ 51 የትምህርትን አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል፤ በአንደኛ ደረጃ ክልሎች በየቋንቋቸው ያስተምራሉ፤ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ክልሎች ሲሰጡ የ12ኛ ክፍሉ ከማዕከል ይመጣል፤ የመምህሩ ደመወዝ ደግሞ በአብዛኛው ከወረዳ በጀት ይወጣል። አንድ ተማሪ በአንድ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሦስት መንግሥታዊ እርከኖች ይደርሱታል ማለት ነው።

ስለዚህ «ፌዴራላዊ» እና «አሃዳዊ» የሚሉትን ስሞች ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው ስለ እያንዳንዱ አገር ማን ይወስናል፣ ማን ይከፍላል፣ ማን ይፈትናል ብለው ይጠይቁ። ይህን የምለው ራሴ ስለተቀጣሁበት ነው። በወጣትነቴ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሰባት አገሮችን ንጽጽር ስድሳ በሚያህል ገጽ አዘጋጅቼ አቅርቤ ነበር። ሰብሳቢው ሰነዱን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ «ከነዚህ ውስጥ እንደኛ ወረዳው የመምህር ደመወዝ የሚከፍልበት የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። ስብሰባው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ፤ ሰነዴም ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

ለእናትዎ የሚሰጡት መልስም እዚሁ ላይ ነው። አንዲት እናት የልጃቸውን የውጭ አገር ዲግሪ በፌስታል ይዘው የአቻ ግምት ሊያሠሩ መጡ እንበል። ዲግሪው የእንግሊዝ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት፣ የስኮትላንድ ከሆነ አራት ዓመት የተማሩበት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ዘውድ ሥር ቢሆኑም የትምህርት ሥርዓታቸው የተለያየ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የማያውቅ ሠራተኛ የጎደለ ዓመት አለ ብሎ ባለጉዳይዋን ያመላልሳል፤ የሚያውቀው ግን ተማሪው ከዩኒቨርሲቲ በፊት ምን ተምሮ እንደገባ ይመረምራል። ይህ ሥራ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በየዕለቱ የሚሠራ ነው። ከእሱ ሌላ የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት፣ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴዎች፣ በከተማችን የሚገኘው የዩኔስኮ የአፍሪካ አቅም ግንባታ ተቋምና በርካታ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች እንዲህ ያለ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል፤ ቦታው ብዙ ባይሆንም አለ።

ስለ ማስተርሱ፣ አምስቱን አገር ትተው ኬንያንና ኢትዮጵያን ብቻ እንዲይዙ እመክራለሁ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ስትሠራበት የቆየችውን የስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ ትታ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ስድስት ዓመት አድርጋለች፤ እኛም በአዲሱ ፖሊሲ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ብለን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን መካከለኛ ደረጃ ብለናል። የኬንያ እ.ኤ.አ. የ2010 ሕገ መንግሥት 47 የካውንቲ መንግሥታትን ቢፈጥርም ለካውንቲዎቹ የደረሳቸው ቅድመ መደበኛው ነው፤ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን የሚቀጥረው አገር አቀፍ የመምህራን ኮሚሽን ነው። እንግዲህ «ሰባተኛ ክፍል የማን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ይዘው ሁለቱን አገሮች ቢያገላብጡ ሕንጻው፣ መምህሩ፣ ፈተናውና በጀቱ በተራ ይወጡልዎታል። ፈረንሳይን መተው ካልሆነልዎት ፒያሳ በሚገኘው አልያንስ ቋንቋውን ይጀምሩ፤ ጅቡቲንና ሴኔጋልንም ለማንበብ ይረዳዎታል። በትርጉም ብቻ የተነበበ ሥርዓት ግን ለማስተርስ አይበቃም።

የክፍለ ከተማው ሥራ ደመወዝ ያንሳል ማለትዎ ልክ ነው፤ ቤት ተከራይተው ሊኖሩበት ከሆነ ይከብዳል፤ ከወላጆችዎ ጋር እስካሉ ድረስ ግን ይያዙት። የዕቅድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው የመማሪያ መጻሕፍት ጥያቄ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቆም፣ የመምህር ዝውውርን ማን እንደሚፈርም፣ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው የትኛው መደብ እንደሆነ በዓይኑ ያያል። ማስተርሱን በማታው መርሐ ግብር መከታተል ይችላሉ፤ ወደ ክፍል ሲገቡም ከሌሎቹ የሚለዩት በዚህ ይሆናል።

የማመልከቻው ጊዜ ዓርብ ያበቃል ብለውኛል። ሲቪዎ ላይ «በንጽጽራዊ ጥናት ጥልቅ ፍላጎት ያለኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያውጡት። ሠንጠረዡንም አያያይዙ፤ በምትኩ ፊንላንድን አርመው፣ የመምህሩ ደመወዝ በፊንላንድ፣ በኬንያና በእርስዎ ክፍለ ከተማ ከማን እጅ እንደሚወጣ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽፈው ያስገቡ።