ክንፏ የተሰበረ የመሰለችው ወፍ

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ወደ ሐረማያ ሐይቅ ለመዝናናት ወጥተን ዳርቻው ላይ ምንጣፍ አንጥፈን ተቀመጥን። አንዲት ትንሽ ወፍ ክንፏ የተሰበረ ይመስል ከፊታችን ተንፏቀቀች፤ ልጆቹ ሊይዟት ሲቀርቡ ግን በረረች። ኋላ ስናይ አጠገባችን መሬት ላይ ጠጠር የሚመስሉ ሁለት እንቁላሎች አሉ። እናታቸው ከተወቻቸው፣ ቤት ወስደን ዶሮ ብናሳቅፋቸው ይፈለፈላሉ?

መልስ፦ እባካችሁ አትውሰዷቸው። አልተወቻቸውም፤ እስክትነሱ እየጠበቀች ነው። ክንፏም ደህና ነው፤ የቆሰለች መስላ የምትታየው ጠላትን ከእንቁላሎቿ ለማራቅ ነው። ዶሮዋ ብትፈለፍላቸው እንኳ ጫጩቶቹ ጥሬ ለቅመው አያድጉም፤ ከውሃው ዳር ትንንሽ ነፍሳት እየለቀሙ፣ ወላጆቻቸው እያሞቋቸውና እየጠበቋቸው ነው የሚያድጉት።

ትልቁ ጉዳት ፀሐይ ነው። እነዚህ ወፎች እንቁላላቸውን ጥላ በሌለው ባዶ መሬት ላይ ስለሚጥሉ፣ የሚታቀፉት ለማሞቅ ብቻ አይደለም። ቀትር ላይ ቆመው ያጠሉለታል፤ አንዳንዶቹ የሆድ ላባቸውን ውሃ ነክረው መጥተው ያቀዘቅዙታል። በእንቁላል ውስጥ ያለው ፅንስ የሚስማማው ሙቀት ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ40 በላይ ከቆየ ለሞት ይዳረጋል። እናንተ ምሳ እስክትጨርሱ ወፏ ከራቀች ይህ ሊደርስ ይችላል። እንቁላሉ ከውጭ ምንም ስለማይለወጥ ጉዳቱን ማንም አያውቅም።

እንዲህ ያለ ወፍ ስታዩ ባላችሁበት ቁሙ። ልጆቹን አስቁሙና እግራችሁ ሥር ተመልክታችሁ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። ቢያንስ 50 እርምጃ ራቁ፤ ያኔም ከጮኸች ወይም ከተንፏቀቀች ገና ቅርብ ናችሁና ጨምሩ። ተመልሳ ስትቀመጥ በቂ ርቀት ላይ ናችሁ። ቦታውን በድንጋይ ወይም በጨርቅ ምልክት አታድርጉበት፤ ቁራም እረኛም ያየዋል። የእንጀራ ፍርፋሪና አጥንት ጥላችሁ አትሂዱ፤ ቁራና ውሻ ለፍርፋሪው መጥተው እንቁላሉን ያገኛሉ።

ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ባዶውን ዳርቻ ተዉላቸው፤ ሳር ያለበት ከፍ ያለ ቦታ ለእናንተም ይመቻል። መኪናና ባጃጅም እዚያው ይቁም። ጫጩቶች አደጋ ሲመጣ ስለማይሮጡ፣ መሬት ላይ ተጣብቀው ስለሚያደፍጡ፣ ሹፌር አያያቸውም።